እንጦጦና ከእንጦጦ ማዶ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ነዳጅ ቀድቶ፣ ጓደኞቹን ከየሰፈራቸው ለቃቅሞ እንጦጦ ሲደርስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት የሚነሳው ፎቶ ደግሞ የማንም ቢሆን አንድ ዓይነት ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ከተማው ግራጫ፣ የሰዉ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ። ውድ ካሜራ ይህን አያድነውም። አራት ሰዓት ያህል ቀድሞ የደረሰ ሰው ግን በተራ ስልክ የተሻለ ይዞ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ካለች በኋላ ሳትንጋደድ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ከፍታ ትይዛለች። ስለዚህ ሞቅ ያለውና ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። በሰኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዳለፈ ትወጣለች፤ በጥር 1 ሰዓት ሊሆን ሩብ ገደማ ሲቀረው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቦታዎን ይዘው መቆም አለብዎት። በዚያ ሰዓት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ታክሲ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የራስዎ መኪና ከሌለዎት ከዋዜማው ከአንድ ሾፌር ጋር ተነጋግረው ይደሩ።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚወስነው ወሩ ነው። ከእንጦጦ ከተማውን የሚያዩት ወደ ደቡብ ዞረው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትጓዝ ከፊት ለፊትዎ ትሆናለች፤ ከማለዳውና ከማምሻው በስተቀር ከተማው ጥላ ለብሶ ነው የሚታየው። በግንቦት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይ በሰሜን፣ ማለትም ከጀርባዎ ናት፤ ሕንፃዎቹ ፊታቸው በርቶ ይታያል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መስከረም ነው። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፤ አደይ አበባውም ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ለብሷል። አበባው ጥቅምት ከገባ በኋላ ስለሚረግፍ ቀጠሮ አያራዝሙበት።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ከተማው ግን ይታፈናል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከባድ አየር ከታች ይተኛል፤ የማገዶና የመኪና ጭስ እዚያው ውስጥ ይጠራቀማል። ከላይ ሲያዩት ሕንፃዎቹ ከወገባቸው በታች ግራጫ ውስጥ ገብተዋል። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ስለሚያቃጥል ለሩቅ እይታ የዓመቱ መጥፎ ቀን ነው። ጭሱን ራሱን ማንሳት ለፈለገ ግን የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው፤ ይህ እንደ ፍላጎትዎ። ጥርት ያለ እይታ ለሚፈልግ አንድ ዘዴ አለ፦ ማታ ጠንከር ያለ ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ማለዳ መውጣት።

አሁን ወደ አነሳሱ። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ የጣት ቅባት ስላለበት፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት ሲያነሱ ፎቶው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይህን ጉም ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ሰማዩ ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ ይንኩና ጣትዎን ሳያነሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ ብርሃኑና ፎከሱ ይቆለፋል። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ትንሽ ይሳቡ፣ ሰማዩ ቀለም እስኪይዝ ድረስ። ጥላው ቢጨልም በኋላ ማብራት ይቻላል፤ ነጭ ሆኖ የጠፋ ሰማይ ግን አይመለስም። በጣት እየለጠጡ ማቅረብን ይተዉት፤ የራሱ የማቅረቢያ ሌንስ የሌለው ስልክ ምስሉን ቆርጦ ከማስፋት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ይልቅ ከፊት አንድ ነገር ያስገቡ፤ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ፣ ጋቢ የደረበ ሰው። ያለዚያ ያ ሁሉ ከተማ በፎቶው መሃል ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል።

በካሜራ ለሚያነሱ፦ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ልክ) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ ሹተር (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ከ125ኛ ሰከንድ ያልዘገየ። ሰፊ ሌንስ ለከተማው እይታ ብዙም አይጠቅምም፤ ከ70 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ያለው ሕንፃዎቹንና ከኋላ ያሉትን ተራሮች አቀራርቦ ያሳያል። ሙሉውን አድማስ ከፈለጉ ካሜራውን አቁመው ከ5 እስከ 7 ፎቶ ያንሱ፤ እያንዳንዱ የቀደመውን ሲሶ ያህል ይደርብ። ብርሃኑና የቀለም ሚዛኑ በእጅ የተቆለፈ ይሁን፤ አለበለዚያ ሲገጣጠም ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማዩን የሚያደምቅ የሌንስ ማጣሪያ) ካለዎት በመስከረም ማለዳ ይጠቀሙበት። ማጣሪያው የሚሠራው ፀሐይ በጎን ስትሆን ነው፤ እርስዎ ወደ ደቡብ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ከሆነች ልክ ቦታው ነው።

እንጦጦ ማርያም ሲደርሱ የሚያስቸግረው ነጭ ቀለም ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ወር በገባ በ21 በምእመናን ይሞላል፤ ሁሉም ነጠላ ለብሷል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ስለዚህ ፎቶው በሙሉ ነጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ የምኒልክን ቤተ መንግሥት የተቀባ ግድግዳ በቅርብ ሲያነሱ፣ ካሜራው ያጨልመዋልና በብርሃን ማስተካከያው (+/− ምልክት ያለው) ከ0.7 እስከ 1 ይጨምሩ። አንዲት እናት ነጠላ ለብሰው ጥቁር ጽድ ሥር ከቆሙ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ጨለማውን አይቶ ያበራል፣ ነጠላው ጥለቱ ሳይቀር ነጭ እድፍ ይሆናል። እዚያ 0.7 ይቀንሱ፤ ወይም ደመና ፀሐይዋን እስኪሸፍን ይጠብቁ።

ቅዳሴ ላይ ካሜራ አይወጣም። ከቅዳሴ ውጭም ቢሆን ውስጥ ለማንሳት የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የሚመለከተውን አገልጋይ ይጠይቁ፤ ጫማ ይወልቃል፤ ፍላሽ ይጠፋል። ወደ መቅደሱ ሌንስ አያዙሩ።

ስለ እንጨት ተሸካሚ እናቶች የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የእንጦጦን መንገድ ያነሳ ሁሉ የእነርሱን ጀርባ አንስቷል፤ አብዛኛው ሳይጠይቅ። ሸክም ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ አያስቁሟቸው፤ ቆሞ እንደገና መነሣት ከመሄዱ ይከብዳል። ሸክማቸውን አሳርፈው ሲቀመጡ ቀርበው፣ ካሜራው ወደ ታች እንደተንጠለጠለ፣ «እንደምን አደሩ እናቴ? ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ይበሉ። ሱሉልታና ከዚያ ማዶ ከሆነ በኦሮምኛ «አከም ቡልተኒ» ብሎ መጀመር ፊት ያስፈታል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ከሩቅ አነጣጥሮ መስረቅ ነውር ነው። ከፈቀዱ ፎቶውን ያሳዩአቸው። ፈረስ የሚያከራዩ ልጆችን በተመለከተ ግን ዋጋውን፣ ፎቶውንም ጨምሮ፣ ከመውጣትዎ በፊት ይጨርሱ።

ማታ የከተማውን መብራት ለማንሳት የሚመኝ ብዙ ነው። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ከጨለመ በኋላ የተነሳ ፎቶ ጥቁር ላይ የተበተነ ነጥብ ነው፤ የሚፈለገው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያለው ሰማያዊ ጊዜ ነው፤ እዚህ አገር ቶሎ ያልፋል። ትሪፖድ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ከ4 እስከ 10 ሰከንድ፤ ሹተሩን በእጅ ከመጫን የ2 ሰከንድ ማቆያ ይጠቀሙ። መኪናዎ አጠገብዎ ይቁም፤ ብቻዎን አይሁኑ፤ ጫካ ውስጥ አቋራጭ አይሂዱ። የእንጦጦ ጅብ ተረት አይደለም።

ቦርሳ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚገባው ትርፍ ባትሪ ነው። እንጦጦ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ስላለው ባትሪ ከተለመደው ቶሎ ይወድቃል። ትርፉን ከውስጥ ኪስዎ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ያድርጉት። ከብርዱ ወጥተው የሞቀ መኪና ሲገቡ ካሜራውን ከቦርሳው አያውጡ፤ ሌንሱ ላይ ላብ ያወጣል። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነሳም። ኬላ፣ ፖሊስና ወታደር ጨዋታ አይደለም፤ ስልክዎን ዝቅ ያድርጉ።

ከእንጦጦ ማዶ በፍቼ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደብረ ሊባኖስ ይገኛል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ገዳም። የአዲስ አበባ ሰው ለጸሎትና ለጸበል ይሄዳል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየቱ አይቀርም። ጭላዳ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ወጥቶ ሣር ይግጣል። መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ስለሚሞቅ የማይንቀሳቀስበት ሰዓት ያ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ መነሣት ነው። ቢያንስ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ለሚግጥ 500ኛ ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚጣላ 1000ኛ። ቆመው ቁልቁል ካነሱት ሣር ላይ የተጣለ ምንጣፍ ይመስላል፤ ተቀምጠው ከዓይኑ እኩል ይሁኑ። ወንዱን ፀሐይ ከኋላው አድርገው ካነሱት የጎፈሩ ጠርዝ ይበራል፤ ፊቱ ስለሚጨልም ብርሃኑን 1 ያህል ይጨምሩ። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ቀርበውታል ማለት ነውና ወደኋላ ይበሉ። ዳቦ አይስጡት፤ ምግብ የለመደ ጭላዳ የሚቀጥለውን መንገደኛ ቦርሳ ይቀማል።

ወደኋላ ይበሉ ስል ዞረው እያዩ ነው። በዚህ አገር ገደል ላይ ስክሪን እያዩ የኋሊት መሄድ፣ በተለይ ጤዛ ባለበት ሣር፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የሚገድል ነገር ነው። ጓደኛዎን ሲያነሱም «ትንሽ ወደኋላ» አይበሉት፤ እርስዎ ይጠጉ። የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ እዚያው አቅራቢያ ነው። ፏፏቴው የሚያምረው በመስከረም ነው፤ በበጋ ወንዙ ስለሚደርቅ ድልድዩን ብቻ ያገኛሉ።

የመናገሻ ሱባ ደን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የወጨጫ ተራራ ጽድና ዝግባ ብሩህ ቀን ላይ ሲያነሱት ነጭና ጥቁር ቁርጥራጭ ይሆናል። ደመናማ ቀን ይምረጡ። ከዛፎቹ ሥር ብርሃኑ ስለሚያንስ አይኤስኦውን 1600 ያድርጉ። ጉሬዛ ሲያነሱ ለነጩ ጅራቱ ይጠንቀቁ፤ የነጠላው ነገር እዚህም አለ። መንገዱ ክረምት ላይ ጭቃ ስለሆነ ዝቅተኛ መኪና አይሞክሩ።

በቡታጅራ መስመር አዳዲ ማርያምና ጢያ በአንድ ቀን ይጠቃለላሉ፤ ግን ቅደም ተከተሉን አይሳቱ። የጢያ ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው፤ 32ቱ የተቀረጹ። የሰይፉና የሌላው ምልክት ቅርጽ ጥልቀት ስለሌለው የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስትመታው ብቻ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የቅርቡን አዳዲን አልፈው በቀጥታ ጢያ ይሂዱ። በየድንጋዩ ዙሪያ ይሽከርከሩ፤ ብርሃኑ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ የሚነካበትን አቅጣጫ ሲያገኙ ቅርጹ በራሱ ብቅ ይላል። ሲመለሱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አዳዲ ማርያም ይግቡ። ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈለ ስለሆነ ለውስጡ የእኩለ ቀን ብርሃን ይመቸዋል። አይኤስኦ 3200፣ ሌንሱ የሚከፈተውን ያህል ተከፍቶ፣ 30ኛ ሰከንድ፤ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ትንፋሽዎን ይያዙና ሦስት ጊዜ ያከታትሉ፤ ከሦስቱ አንዱ አይደበዝዝም። ከዋናው መንገድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው አቧራማ ስለሆነ ሌንስ የሚቀይሩት መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነው።