ጣና ዳር የቤተሰብ ፎቶ ልትነሱ ነው?

ሁላችሁም አንድ ዓይነት ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት የእናትየውን ቀሚስ ጥለት ተመልከቱ። ከጥለቱ ቀለሞች አንዱን ምረጡና የአባትየው ሸሚዝ በዚያ ይሂድ። ለልጆቹ ክሬም ቀለም ያለው ልብስ ይበቃል።

ነጭ የሀበሻ ልብስ ሐይቁ ዳር በጣም ያምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን አይሆንም። የባሕር ዳር ፀሐይና ከውሃው የሚመለሰው ብርሃን ተደምረው ሽመናውን ያጠፉታል፣ ፊትም ይጠቁራል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ስስ ቀሚስ ውስጡን ያሳያል። ከሥር ነጭ ሳይሆን የቆዳችሁን ቀለም የሚመስል ልበሱ፤ ነጭ የውስጥ ልብስ ይብሱን ጎልቶ ይወጣል።

አረንጓዴ ልብስ ደንገሉና ዛፉ መሃል ይዋጣል፣ ተዉት።

ነጠላውን ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። የእህቴ የቅልቅል ፎቶ ላይ ይህን ሳናስብ ቀርተን፣ ከሐይቁ የመጣው ንፋስ ነጠላውን እያነሳ በግማሹ ፎቶ ፊቷን ሸፍኖታል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጭን ተረከዝ እርጥቡ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፤ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ሕፃናቱን ደግሞ እዚያው ደርሳችሁ አልብሷቸው።