የሕክምና ተማሪ በሆስፒታል ልምምድ ዘመኑ እንዴት ይሳካለታል?

በዋርድ (ታካሚዎች ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል) ውስጥ ነጭ ጋዋን ከለበሱት ሁሉ በእውቀት የመጨረሻው ተማሪው ነው። ስፔሻሊስቱም፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም ማለትም ሬዚደንቱም፣ በመጨረሻው ዓመት ልምምድ ላይ ያለው ኢንተርኑም ይቀድሙታል። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አለው፤ ጊዜ። ኢንተርኑ በአንድ ሌሊት ከአልጋ አልጋ ሲሮጥ ያድራል። ተማሪው ግን ከአንዲት እናት አጠገብ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ሊያዳምጣት ይችላል። የልምምድ ዘመናቸውን በሚገባ የሚወጡት ተማሪዎች ይህን ጊዜ በታካሚው አልጋ አጠገብ ያዋሉት ናቸው ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያንን ጊዜ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ነው።

ምሳሌዎቼ ከሐዋሳ ናቸው። የከተማው ሰው በአጭሩ «ሪፈራል» ወደሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከዲላና ከሻሸመኔ አቅጣጫ ሕመምተኞች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ጤና ጣቢያና የወረዳ ሆስፒታል አልፈው የደረሱ ስለሆኑ ታሪካቸው ረጅም ነው።

1. ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተዘጋጁ

የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፍ የጉበት በሽታ) ክትባት 3 ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1 ወር፣ ሦስተኛው 6 ወር ቆይቶ። ስለዚህ ዋርድ ለመግባት ሳምንት ሲቀር የሚታሰብ ነገር አይደለም። ገና በመማሪያ ክፍል ሳላችሁ ጀምሩት። ለኪሳችሁ ስቴቶስኮፕ፣ ትንሽ ባትሪ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተርና ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ያስፈልጋችኋል። ሰዓቱን በስልክ አትተኩት፤ የልጇን ትንፋሽ ስትቆጥሩ እናትየዋ መልእክት የምታነቡ ይመስላታል።

2. ከራውንዱ ቀድማችሁ ድረሱ

ሐኪሞቹ ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ፣ እናንተ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ሁኑ። መጀመሪያ ያደረችውን ነርስ ጠይቁ፦ «ሲስተር፣ 7 ቁጥር ላይ ያሉት አባት ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» በካርዱ ላይ ያልተጻፈውን የምታውቀው እሷ ናት። ቀጥሎ ካርዱን ክፈቱና ትኩሳቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የሽንቱን መጠንና ያልመጣውን የላቦራቶሪ ውጤት እዩ።

ከዚያ ወደ አስታማሚው ዙሩ። መድኃኒት በካርዱ ላይ ታዘዘ ማለት ታካሚው ወሰደው ማለት አይደለም። በሆስፒታሉ ፋርማሲ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ እንዲገዛ ተነግሮት፣ ልጅየው ገንዘብ ፍለጋ ዘመድ ቤት ሄዶ ይሆናል። ይህን አውቆ በራውንዱ ላይ የሚናገር ተማሪ ለታካሚው ከማንም ያላነሰ ሥራ ሠርቷል።

3. የሕመሙን ታሪክ በትዕግሥት ተቀበሉ

ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። በመጀመሪያ ማንነታችሁን ሳትደብቁ ንገሯቸው፦ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? የሕክምና ተማሪ ነኝ። ፈቃድዎ ከሆነ ስለ ሕመምዎ ልጠይቅዎት።» «ዶክተር» ብለው ቢጠሯችሁም ተማሪ መሆናችሁን አትሸሽጉ። እንቢ ካሉም አመስግናችሁ ተነሱ፤ መብታቸው ነው።

ከዚያ «ምን አመመዎት?» ብላችሁ ዝም በሉ። አታቋርጡ። «ጨጓራዬን» ወይም «ኩላሊቴን» ሲሉ የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣት እንዲያሳዩ ለምኑ፤ «ኩላሊት» ተብሎ የሚነገረው ሕመም ብዙ ጊዜ የወገብ ጡንቻ ሆኖ ይገኛል። የተናገሩትን እንዳለ በራሳቸው ቃል ጻፉ። ወደ ሕክምና ቋንቋ መመለሱ ኋላ ይደርሳል።

ታካሚው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ቋንቋውን የሚችል የሥራ ባልደረባ ፈልጉ። አስታማሚው ለቀላሉ ጥያቄ ያስተረጉማል። ስለ ወሊድ፣ ስለ ውርጃ፣ ስለ ኤችአይቪ ወይም በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ድብደባ ግን በባል ወይም በልጅ አፍ አትጠይቁ። የምታገኙት መልስ እውነቱ ላይሆን ይችላል፤ ሴትየዋንም አደጋ ላይ ልትጥሏት ትችላላችሁ።

አካባቢውን የሚያውቅ ጥያቄ ጠይቁ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ ሊኖር ይችላል፤ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሰሞኑን የት እንደ ቆየ ጠይቁት። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ (ውሃ ውስጥ ሲገቡ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ) አለ። ደም ያስታወከ፣ ጣፊያው ያበጠ ወጣት ዓሣ አጥማጅ እንደ ሆነ ወይም በሐይቁ ይዋኝ እንደ ነበር ሳትጠይቁ አትለፉ። የከሳ ሕፃን እናት ዘንድ ደግሞ «በደንብ ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን በላ?» በሉ። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ወተት ወይም ጥራጥሬ ተጨምሮበት እንደ ሆነ ማወቅ አለባችሁ።

እርጉዝ ሴት የመጨረሻ የወር አበባዋን የምትነግራችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጅ ቀን እየቀየሩ መሳሳት የተለመደ ነው፤ አያስፈልግምም። እርግዝና የሚቆጠረው 280 ቀን ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ስለዚህ የመውለጃ ቀኗን ለማወቅ የወር አበባዋ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሩ። ስሌቱ ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ በ10 ቀን ፋንታ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 4 ቀን ጨምሩ። የወር አበባዋ ጥር 10 ቀን 2017 የጀመረ ሴት የመውለጃ ቀኗ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ይሆናል።

4. ከመንካት በፊት ተመልከቱ

በተለይ ሕፃናትን። ስቴቶስኮፑን ደረቱ ላይ ስታሳርፉ ያለቅሳል፤ ካለቀሰ በኋላ ትንፋሽ መቁጠር አይቻልም። እናቱ ታቅፋው ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እንድታሳያችሁ ጠይቁና 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። የ15 ሰከንዱን በ4 ማባዛት ተዉት፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም።

አዋቂን ስትመረምሩ መጋረጃ ሳቡ። ሴት ታካሚ ከሆነች ሌላ ሴት ባለሙያ አብራ ትቁም። እጃችሁን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄዱ አጽዱ፤ በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል።

5. ታካሚውን በራውንዱ ላይ ስታቀርቡ አጭር ሁኑ፣ ያላያችሁትን አትናገሩ

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ታካሚውን በሙሉ ያሳይ፦ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የመጡበት ቦታ፣ ዋናው ሕመምና የቆየበት ጊዜ። «የ45 ዓመት ገበሬ፣ ከበንሳ፣ ለ3 ሳምንት የቆየ ሳልና ትኩሳት።» ቀጥሎ ምርመራው፣ ከዚያ የእናንተ ግምትና ምክንያቱ። ግምታችሁ ቢሳሳት ምንም አይደለም፤ ለመሳሳት ነው ተማሪ የተባላችሁት። ጉበቱን ሳትዳስሱ «አላበጠም» ማለት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ሰው በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ያዝዛል። «አልመረመርኩትም፣ አሁን አያለሁ» በሉ። ቁጣ ቢመጣም ያልፋል።

ማታ ያነበባችሁት ጠዋት ያያችሁትን ሰው የሚመለከት ይሁን። ስለ ልብ ድካም አንድ ምዕራፍ ከማንበብ በፊት «የእኚህ እናት እግር ለምን አበጠ?» ብላችሁ ጀምሩ። በሮቴሽኑ (በአንድ የሕክምና ክፍል በምትለማመዱበት ጊዜ) መጨረሻ አንድ ታካሚ ተሰጥቷችሁ የምትፈተኑት ፈተናም ከዚህ የተለየ አይደለም።

6. ራሳችሁን ጠብቁ

የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፤ በቀጥታ ወደ መርፌ ማስወገጃው ሣጥን ጣሉት። አያድርገውና ከወጋችሁ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ቁስሉን አትጭመቁ፣ በዚያው ሰዓት ለተረኛው ሐኪም ንገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። በሃፍረት የሚባክነው ሰዓት ዋጋ ያስከፍላል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ስለሚችል እሱ ዘንድ ስትገቡ መስኮት ክፈቱ፣ ኤን 95 ጭምብል አድርጉ።

የተከታተላችሁት ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ሸሽታችሁ አትጥፉ። መርዶውን የሚናገረው ሐኪሙ ነው። እናንተ ግን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ያጽናችሁ» ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ከዚያም ለጓደኛ ወይም ለምታምኑት መምህር አውሩት።

7. ታካሚያችሁን እስከ በሩ ሸኙ

ተማሪዎች ታካሚው ሊወጣ ነው ሲባል ወደ አዲሱ ያልፋሉ። እኔ ቆዩ እላለሁ። በመድኃኒቱ ላይ «8» ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ እማማ ግን ቤታቸው ሄደው ከቀኑ 8 ሰዓት ይውጡታል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው፤ ካላነበቡ ለልጃቸው አሳዩ። የቀጠሮውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስፍሩ፤ ቢቻል ከገበያ ቀናቸው ጋር አያይዙት። ከዚያ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በሏቸውና እስኪጨርሱ አዳምጡ። ከተሳሳቱ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አስረዷቸው።