ለስፖርት መኪና አዲስ ወንበር እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ባሕር ዳር ውስጥ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ብዙ አይታይም፤ የሚታየውም አብዛኛው ዕድሜ የጠገበ ነው። ሴሊካን ብንወስድ ቶዮታ ማምረት ያቆማት እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ስለሆነ ታናሿ እንኳ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗታል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ቶሎ እጅ የሚሰጠው የሾፌሩ ወንበር ነው። በበሩ በኩል ያለው የጎን ድጋፍ በመውጣትና በመግባት ብዛት ስፖንጁ ይሟሽሻል፣ ልብሱ ይተረተራል፤ ኩርባ ላይ ሰውነትን መያዝ ስለሚያቅተው ሾፌሩ መሪውን እንደ መደገፊያ ጨብጦ ይነዳል። ያኔ ነው ስልክ ተከፍቶ የሬካሮና የስፓርኮ፣ የታወቁት የስፖርት ወንበር አምራቾች፣ ፎቶ መታየት የሚጀምረው።

ከዚያ በፊት ግን አሮጌውን ወንበር ይመርምሩ። ጀርባውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት። ብረቱ ካልተንቀጫቀጨ፣ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሃዲድም በግራም በቀኝም ጥርሱን ነክሶ ከቆለፈ ችግሩ ስፖንጁ ብቻ ነው። የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ሞልቶ፣ ልብሱን ቀይሮ ይመልስልዎታል፤ ወጪው ከአዲስ ወንበር ጋር አይወዳደርም፣ ቀበቶውም ኤርባጉም ከነቦታቸው ይቀራሉ። ወንበሩ የጎን ኤርባግ ካለው ግን ኤርባጉ ቀድዶት የሚወጣው ስፌት በጠንካራ ክር እንዳይደረብ፣ በላዩም ሌላ ልብስ እንዳይለብስ አስቀድመው ይንገሩት።

የትኛው ዓይነት?

ገበያው ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ባኬት የሚባለው፣ ጀርባውና መቀመጫው አንድ ወጥ የሆነ፣ ከፋይበር ግላስ፣ ከካርቦን ወይም ከብረት ቱቦ የሚሠራ ነው። ቀላል ነው፤ የፋይበር ግላሱ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ቢመዝን ነው። ሰውነትን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ሁለተኛው ጀርባው የሚተኛና የሚነሳ፣ የጎን ድጋፉ ግን ከተለመደው ወንበር ከፍ ያለ ስፖርት ወንበር ነው።

ለባሕር ዳር ኑሮ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ባኬት ጀርባው ስለማይታጠፍ በባለ ሁለት በር መኪና የኋላው ወንበር ተዘጋ ማለት ነው፤ ልጅም ዕቃም ወደ ኋላ አይገባም። ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ለሠርግ የሚያከራይ ሰው ደግሞ ጣና ዳር ለፎቶ ሲቆሙ ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ከባኬት ውስጥ ማውጣት ምን ያህል ሰው እንደሚፈልግ ቀድሞ ያስብበት። መኪናው ለእሽቅድምድም ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ልብሱ ጨርቅ ይሁን። ከተማዋ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ትበረታለች። በሚያዝያ ቀትር ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ ጥቁር ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ላይ የተቀመጠ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

መለካት

ሁለት ነገር ይለካል፤ ሰውየውና መኪናው። ለራስዎ፣ ጠንካራ አግዳሚ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የዳሌዎን ስፋት ሌላ ሰው ይለካልዎት። የወንበሩ የውስጥ ስፋት ከዚያ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል። በጣም ከሰፋ ገንዘብዎን ያወጡበት ድጋፍ የለም፤ ከጠበበ ደግሞ ሩቅ መንገድ ላይ ጭንዎ ይደነዝዛል።

መኪናውን ሲለኩ በሩ ይዘጋ። ብዙ ሰው በሩን ከፍቶ ለክቶ ወንበሩ ከገባ በኋላ በሩ አልዘጋ ይለዋል። በሦስት ከፍታ ይለኩ፦ ወለሉ ላይ፣ ዳሌ ላይ ከበሩ የእጅ መደገፊያ እስከ መሃለኛው ኮንሶል፣ ትከሻ ላይ ደግሞ ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ወደ ውስጥ። ሰፋፊ የትከሻ ክንፍ ያላቸው ባኬቶች የሚጋጩት እዚህ ምሰሶ ላይ ነው።

ኦሪጅናልና ፎርጅድ

የብራይድ፣ የሬካሮና የስፓርኮ አምሳያ ወንበር በዝቷል። የእሽቅድምድም ማረጋገጫ ያለው ወንበር የዓለም አቀፉን የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ የኤፍ አይ ኤ፣ መለያ ይለጠፍበታል፤ ለምሳሌ 8855-1999 ወይም 8862-2009 የሚል የደረጃ ቁጥርና የተመረተበት ጊዜ ይነበብበታል። የመጀመሪያው ለውድድር የሚያገለግለው ከተመረተ እስከ 5 ዓመት፣ ሁለተኛው እስከ 10 ዓመት ነው። ለከተማ መንዳት ይህ ቀነ ገደብ አያስገድድም፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ሲል ግን ቀኑ ይናገራል።

መለያ የሌለውን ወንበር በእጅዎ ይፈትኑት። ትከሻው ላይ ጫን ሲሉት እንደ ላስቲክ ከተለመጠ ይተውት። ያገለገለ ከሆነ ስፖንጁን ገልጠው ቡሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ዙሪያ ይዩ፤ ፋይበር ግላስ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ከላይ ያለው ጨርቅም ይሸፍነዋል። ከተጋጨ መኪና የወጣ ወንበር በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

ዋናው ነገር ብራኬቱ ነው

ሰው ለወንበሩ ስም ብዙ ከፍሎ ወንበሩን ከወለሉ ጋር ለሚያገናኘው ብረት ይሰስታል። እኔ ግን መካከለኛ ወንበር በጥሩ ብራኬት ላይ ባየው እመርጣለሁ። ለመኪናው ሞዴል ተብሎ የተሠራ ብራኬት ካገኙ ይግዙ፣ ከወንበሩ ጋር አብሮ ይዘዙት። ካልተገኘ ግን እዚሁ ማሠራት ግድ ነው።

ላሜራውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝሆን ይሸከማል» የሚል በያጅ አይጠፋም። ዝሆኑ ዝም ብሎ ከተቀመጠ እውነቱን ነው። ብራኬት የሚፈተነው ግን መኪናው በአንድ ጊዜ ድርግም ሲል ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ወንበር በሃያ እጥፍ ኃይል ሲወረወር 300 ኪሎ ሆኖ ነው ቡሎኖቹን የሚጎትተው፤ የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ የታሰረ ከሆነ የሰውየውም ሸክም ይታከልበታል።

ስለዚህ ለበያጁ የሚከተለውን ቁርጥ አድርገው ይንገሩት። ብረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይሳሳ። ማሰሪያው አራት ቦታ ይሁን፣ ቡሎኖቹም ከ8 ሚሊ ሜትር አይቅጠኑ፤ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይፈለግ። ምንም ቁጥር የሌለው ቡሎን ለአጥር ይሁን። ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳ እንጂ በእሳት አይቆረጥ። በመኪናው የፋብሪካ ቀዳዳዎች ይጠቀሙ፤ የግድ ወለል መብሳት ካለብዎት ግን ከሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ቢያንስ 40 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደጋፊ ብረት ይግባ፤ ይህ የውድድር ሕግ ልክ ነው። ያለዚያ ቡሎኑ ስስ ወለሉን ቀድዶ ይወጣል።

ብየዳው መኪናው ውስጥ አይደረግ። ብራኬቱ መኪናው ላይ በአራቱም ቡሎን ታስሮ ልኩ ከተወሰደና ምልክት ከተደረገበት በኋላ ወጥቶ ይበየድ። ከተበየደ በኋላ ወለሉ ላይ ሲያስቀምጡት አንዱ እግር ከተንጠለጠለ ተጣሟል፤ በቡሎን ጉልበት ጎትተው ላስተካክለው ቢሉ የወንበሩን ቀፎ ይሰነጥቁታል። ቡሎኑን ራሱን አይበይዱ፣ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይወስደዋል። የሚንሸራተት ሃዲድ ከጨመሩ በሁለቱም በኩል የሚቆልፈውን ይምረጡ፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚቆልፈው ፍሬን ሲይዙ ወንበሩን ያጣምመዋል።

ብራኬቱ ከመቆረጡ በፊት ደግሞ ከፍታውን ይወስኑ። ወንበሩን በእንጨት ቁርጥራጭ አስደግፈው መኪናው ውስጥ ይቀመጡበት። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። ትከሻዎ ከወንበሩ ሳይለይ የእጅዎ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። ከደረትዎ እስከ መሪው መሃል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር፣ መሪው ውስጥ ኤርባግ አለና። ከጭንቅላትዎ በላይ ጭብጥ እጅ ይግባ። ወንበሩ ከመሪው ጋር ፊት ለፊት መሆኑንም በክር ይለኩ፤ ወደ በሩ ትንሽ ከዞረ ጎንደር ሳይደርሱ ወገብዎ ይነግርዎታል።

ዝቅ ያለ ወንበር ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ባሕር ዳር ግን ባጃጅ ከግራም ከቀኝም የሚበቅልባት ከተማ ናት። ተቀምጠው የኮፈኑን የቀኝ ጥግ ማየት ካልቻሉ እዚያ ጥግ የገባውን ባጃጅም አያዩትም። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

አሮጌውን ማውጣት

ወንበሩ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ባትሪ ከመንቀልዎ በፊት ወደ መሃል ያምጡትና ቡሎኖቹ ሁሉ እንደሚደረስባቸው ያረጋግጡ። ከዚያ ቁልፉን አውጥተው የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። የኤርባጉ ሲስተም ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው የፊቱን ሁለት ቡሎን፣ ወደ ፊት ስበው የኋላውን ሁለት ይፍቱ። በጃፓን መኪኖች ብዙውን ጊዜ 14 ቁጥር ቡሶላ ይበቃል። ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደም አድርገው ከሥሩ ያሉትን ሶኬቶች ይንቀሉ። ቢጫው የኤርባግ ነው፤ በሞካሪ መብራትም በመልቲሜትርም አይነካ። ሶኬቶቹ ተነቅለው ሳለ ቁልፍ አይዙር፣ አለበለዚያ የኤርባጉ መብራት በርቶ ይቀራል፣ ማጥፊያውም ኮምፒውተር ይፈልጋል። የበሩን ደፍ አሮጌ ብርድ ልብስ አልብሰው ወንበሩን በሁለት ሰው ያውጡ።

ከሥሩ ሳንቲም፣ እስክሪብቶና ካለፈው ጉዞ የተረፈ ቆሎ ያገኛሉ። ከጠረጉት በኋላ ምንጣፉን ይግለጡ፤ ክረምቱን ያረጠበው ወለል ዝጎ ከሆነ የሚታከመው አሁን ነው። ቡሎን የሚገባበት ቦታ የላላ ወይም የተበላ ከሆነ ሥራው እዚህ ይቁም፣ መጀመሪያ ወለሉ ይጠገን።

መግጠም

አዲሱን ወንበር ከብራኬቱ ጋር ከመኪናው ውጭ ያገናኙ። ሁሉም ቡሎን መጀመሪያ በእጅ ይግባ፣ አንዱም ሳይጠብቅ። በብራኬቱና በወንበሩ ጎን መካከል ክፍተት ካለ በሮንዴላ ይሙሉት እንጂ በማጥበቅ አይዝጉት። ከዚያ በመስቀል አቅጣጫ ያጥብቁ። ከወንበሩ ጋር የመጣ ወረቀት ካለ በሱ ይሂዱ፤ ከሌለ ለ8.8 ቡሎን፣ ባለ 8 ሚሊው 25 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 10 ሚሊው ከ45 እስከ 50 አካባቢ ነው። ልክ የሚናገር ቶርክ ሬንች ከጋራዥ ይዋሱ። ወደ ወለሉ የሚገቡት የፋብሪካው ቡሎኖች ይመለሱ፤ ብዙ የጃፓን መኪኖች የ10 ሚሊ ቡሎናቸው ጥርስ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከብረታ ብረት ሱቅ የሚገኘው ተራው 1.5 ነው፤ በግድ ከገባ ጥርሱን በልቶት ይወጣል።

የቀበቶው መቆለፊያ በአሮጌው ወንበር ጎን ታስሮ ከነበረ ከራሱ ቡሎን ጋር ወደ አዲሱ ብራኬት ይዛወራል። የሚታሰርበት ቦታ ከብራኬቱ ሁሉ ወፍራሙ ይሁን። ሲታሰር የታችኛው ቀበቶ የዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይለፍ፤ ሆድ ላይ ከወጣ ሲጋጩ የሚጎዳው ራሱ ቀበቶው ነው።

የእሽቅድምድም ባለ አራት ቀበቶ ግን ለመንገድ መኪና አይግባ። ጣሪያው ሲደፈጠጥ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ከወንበሩ ጋር አስሮ ይይዘዋል፣ ጎንበስ የሚልበት ቦታ የለውም፤ መኪናው ውስጥ ጣሪያውን የሚደግፍ መከላከያ የብረት ቀፎ ከሌለ አደጋ ነው። የትከሻውን ቀበቶ ከኋላ ወለሉ ላይ የሚያስሩም አሉ፤ ያ ደግሞ ሲጎተት አከርካሪን ወደ ታች ይጨፈልቃል። የፋብሪካው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ይቆይ።

አሮጌው ወንበር የጎን ኤርባግ ከነበረው መብራቱ ክሩስኮቶው ላይ ይበራል። ለዚያ በመኪናው ሲስተም ልክ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ኦም አካባቢ የሆነ ሬዚስተር ይገባል። ይህ መብራቱን ያጠፋል እንጂ ኤርባጉን አይመልስም። ሆኖም ስህተቱ እንዳለ ቢቀር በብዙ መኪኖች ሲስተሙ በሙሉ ሊዘጋ፣ የመሪውም ኤርባግ ላይሠራ ይችላል። ሥራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። በተሳፋሪው በኩል ያለው ወንበር ደግሞ ሰው መቀመጡን የሚለይ መሣሪያ ሊኖረው ስለሚችል ባይነካ ይሻላል፤ የሾፌሩን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ባትሪው ከተመለሰ በኋላ ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራቱትና የተቆነጠጠ ሽቦ እንደሌለ ይዩ። መጀመሪያ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ይንዱ፤ የላላ ነገር ካለ የሚንቀጫቀጨው እዚያ ነው። ሰው በሌለበት ጥቂት ጊዜ ጠንከር ያለ ፍሬን ይያዙ። ከዚያ የአባይን ድልድይ ተሻግረው እስከ ወረታ ደርሰው ይመለሱና ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና በልካቸው ይፈትሹ።

አሮጌውን ወንበር አይሽጡት። ለቦሎ ምርመራ መርማሪው አዲሱን ካልተቀበለው መልሰው የሚገጥሙት እሱን ነው፣ ነገ መኪናውን የሚገዛ ሰውም ይጠይቅዎታል። ቡሎኖቹን በፌስታል አድርገው እዚያው ወንበሩ ላይ አስረው በቁሙ፣ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ኤርባግ ያለበት ጎን ሰው ወደማያልፍበት አዙረው ያስቀምጡት።