ኦፊስ ተቀይሮ የለመዳችሁት ቁልፍ ሲጠፋ

አዲሱ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ተጭኖላችሁ የለመዳችሁት ቁልፍ ከቦታው ከጠፋ አትደናገጡ። አብዛኛውን ጊዜ አልተሰረዘም፤ ቦታ ነው የቀየረው። በኦፊስ 2007 የድሮዎቹ ሜኑዎች ቀርተው ሪበን የሚባለው ከላይ ያለው የትእዛዞች ሰሌዳ ሲመጣም ብዙ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር።

ሪበኑን አንድ በአንድ እየከፈታችሁ ጊዜ አታባክኑ። በዊንዶውስ ላይ አልትን ይዛችሁ ኪውን ተጫኑ። የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የምትፈልጉትን ትእዛዝ ስም ጻፉ፤ እዚያው ይመጣላችኋል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ይሄኛው ነው። ሪበኑ ላይ ያለውን ትእዛዝ በማውስ ቀኝ ጠቅ አድርጉና «አድ ቱ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» የሚለውን ምረጡ። በየቀኑ የምትነኳቸውን አምስት ስድስት ትእዛዞች እንዲህ አንድ ቦታ ሰብስቡ። ከዚያ በዚህ ረድፍ ላይ የመጀመሪያው በአልት እና 1፣ ሁለተኛው በአልት እና 2 ይሠራል። ሪበኑ ቢገለባበጥም እነዚህ እጃችሁ ላይ ናቸው። በአዲሶቹ ስሪቶች ይህ ረድፍ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ሪበኑ ላይ ቀኝ ጠቅ ስታደርጉ «ሾው ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» የሚል ታገኛላችሁ።

ኤክሴል ላይ የምትውሉ ደግሞ፣ የድሮ አቋራጮቻችሁን ቶሎ አትርሷቸው። አልት፣ ኢ፣ ኤስን በተራ ስትጫኑ ፔስት ስፔሻል (የቀዳችሁትን በምትመርጡት መልክ መለጠፊያው) ዛሬም ይከፈታል። እኔ በግሌ ከአዲሱ መንገድ ይልቅ ይሄ ይፈጥንልኛል።

ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ ገብታችሁ ያደራጃችሁትን ረድፍ ኤክስፖርት አድርጉት። አዲሱ ላይ ኢምፖርት ማድረግ ብቻ ይቀራችኋል።