ደጋፊን በር ላይ አስቁሞ ማስከፈል፦ ፖለቲከኞች የክፍያ ቪዲዮ ቻናል ሲከፍቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራዬ ቪዲዮ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሠርግ እቀርፃለሁ፣ ምርቃት እቀርፃለሁ፣ ክርስትና እቀርፃለሁ። የምርጫ ሰሞን ደግሞ ፖለቲከኞች ይመጣሉ። አሁን አሁን "ጋዜጠኛ መሃል ሳይገባ ከደጋፊያችን ጋር በቀጥታ እንገናኝ፣ ደጋፊውም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈለ ቻናሉን ያቁመው" የሚሉኝ በዝተዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ንግግራችሁ ተቆራርጦ አይቀርብም፤ ገንዘቡም ከአንድ ባለሀብት ኪስ ሳይሆን ከብዙ ሰው እጅ ይመጣል። ግን አንድ ጊዜ አብሬ ገብቼበት ሲወድቅ አይቻለሁ፤ የወደቀውም በካሜራ ወይም በመብራት ጉድለት አልነበረም። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋናውን ቃል መቆለፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ሳራ ፔሊን የቀድሞ የአላስካ ገዥ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድራለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የራሷን የክፍያ ቻናል ከፈተች። ዋጋው በወር 9.95 ዶላር፣ በዓመት 99.95 ዶላር ነበር። ቻናሉን የሠራላት ድርጅት ጀማሪ አልነበረም፤ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሲኤንኤን፣ ሌላው ኤንቢሲ በሚባሉት ትልልቅ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች በኃላፊነት የሠሩ ናቸው። ገጹ ላይ የአሜሪካን ዕዳ የሚቆጥር ቆጣሪ ነበረ፣ ኦባማ ከሥልጣን እስኪወርድ የቀረውን ቀን የሚቆጥር ሌላም ነበረ። ያ ሁሉ ሆኖ ቻናሉ የቆየው አንድ ዓመት ያህል ነው። ከዚያ ክፍያው ቀረ፣ መልእክቷንም በነፃ በፌስቡክ እንደምታወጣ አሳወቀች።

ያን ያህል ስም፣ ያን ያህል ገንዘብና ያን ያህል ባለሙያ ይዛ ካልቆየላት እኛ ጋ እንዴት ይቆያል? እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የሚከፍለው ሰው ድሮም የእናንተ ነው፤ እሱን ማሳመን አያስፈልግም። ማሳመን ያለባችሁ ሰው ደግሞ አይከፍልም፤ ገና ሳያምናችሁ ለምን ይከፍላል? ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬ ዘርግታ የተቀመጠች እናት የእናንተን ንግግር ለመስማት መቶ ብር አታወጣም። ድምፅ ግን አላት።

እኔ የገባሁበትም እንዲሁ ነበር። ሰውየውን አከብራቸዋለሁ፣ ስማቸውን አልጠራም። ዝግ የቴሌግራም ቻናል ከፈትን። መቶ ብር በቴሌብር ይላካል፣ ደረሰኙ በስክሪንሾት ይመጣል፣ ከዚያ ሊንኩ ይሰጣል። ቀድሞ በየሳምንቱ በነፃ ይለቁት የነበረውን ንግግር ወደዚያ አስገባነው። ሦስተኛው ወር ላይ የቀሩት የፓርቲው አባላትና ዘመዶቻቸው ብቻ ነበሩ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ገበያ ስወጣ ሰዎች "ሰውየው ምነው ዝም አሉሳ፣ ታመሙ እንዴ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ሰውየው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገሩ ነበር፤ ለአገሩ ሰው ግን ጠፍተዋል።

መፍትሔው ከእኛው አገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ለመስማት በር ላይ ክፈል ያለው ሰው የለም። ስብከቱ ለሁሉም ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙዳየ ምጽዋቱ ይዞራል፣ መንገድ ዳር ጃንጥላው ይዘቀዘቃል፣ ያለው ያደርጋል። ቻናላችሁንም እንዲሁ አድርጉት። ንግግሩን በነፃ ልቀቁ፣ ድጋፍ ግን በግልጽ ጠይቁ። ለሚከፍለው የተለየ ነገር መስጠት ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ስጡት፦ በወር አንድ ቀን ጥያቄና መልስ፣ ለወጣት አባላት ሥልጠና፣ የዘመቻው ቀረፃ ከጀርባ እንዴት እንደተሠራ። ዋናውን ቃል ግን አትንኩ።

"የከፈለ ብቻ ነው የሚሰማን" ማለት

ሚት ሮምኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ፍሎሪዳ ላይ የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ነበረው። መግቢያው ለአንድ ሰው 50,000 ዶላር። እዚያ ተቀምጦ፣ ምንም ቢሆን ኦባማን የሚመርጥ 47 በመቶ ሕዝብ አለ፣ መንግሥት ሊያኖረኝ ይገባል ብሎ የሚያምን ነው ብሎ ተናገረ። ቪዲዮው መስከረም ላይ ወጣ። በኅዳር ተሸነፈ። የተሸነፈው በዚያ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ከዚያ ዘመቻ ሰው ዛሬም የሚያስታውሰው ያችን ቁጥር ነው።

እንግዲህ 50,000 ዶላር የተከፈለበት አዳራሽ ምስጢር ካልጠበቀ፣ መቶ ብር የተከፈለበት ቴሌግራም ይጠብቃል? ስልኩ ራሱ ስክሪን ሪከርድ ያደርጋል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ መከልከል ይቻላል፤ ጎረቤት በሌላ ስልክ ሲቀርፅ ግን ማንም አይከለክለውም።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው። ቅኔ ቤት ያልገባውም ሰው ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማ አድጓል። ዝግ ክፍል ውስጥ የተባለች አንዲት ቃል ከወጣች፣ ቃሏ ብቻ አይደለም የምትወራው፤ ውስጧ ምን አለ፣ ለምን ከሕዝብ ተደበቀች እየተባለ ጠላ ቤት ድረስ ትፈታለች። ስለዚህ ዝግ ቻናል ላይ ስትናገሩ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ቆማችሁ እንደምትናገሩ አስቡ። እዚያ የማትሉትን እዚህም አትበሉ።

ዳታ የሌለውን ሰው መርሳት

የሚያማክሯችሁ ሰዎች አዲስ አበባ ዋይፋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያስቡት። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ720 ጥራት ሲታይ አንድ ጊጋ ገደማ ይበላል። ደጋፊያችሁ ለቻናሉ ይከፍላል፣ ከዚያ ለፓኬጁ እንደገና ይከፍላል። ሁለተኛውን ክፍያ የሚያስበው ፖለቲከኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያው ንግግር በድምፅ ብቻ ቢሆንስ? በ64 ኪሎቢት ቢቀመጥ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋ አይሞላም። ልዩነቱን ተመልከቱት! ሁልጊዜ ከቪዲዮው ጋር የድምፅ ፋይል ልቀቁ፣ ሦስት ደቂቃ የሆነ አጭር ቁራጭም ጨምሩ። ብቸና ወይም ሞጣ ያለ ልጅ አንዴ ካወረደው በሚሞሪ ካርድ ገጠር ይገባል። ያ መንገድ ዛሬም ከማንም ሊንክ የበለጠ ሰው ጋ ያደርሳል።

ኔትወርክ ራሱ ደግሞ እንደሚጠፋ እዚህ ያለነው እናውቃለን። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔቱ ጭራሽ ተቋረጠና ለብዙ ወራት ቆየ። የወር ክፍያ ተቀብላችሁ ኔትወርክ ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ጊዜውን ታራዝማላችሁ ወይስ ብሩን ትመልሳላችሁ? ከመክፈታችሁ በፊት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ገንዘቡን በግል ስልክ መቀበል

ይሄ ያስፈራኛል። "ለጊዜው በእኔ ቴሌብር ይግባ" ይባላል፣ ጊዜው ግን አያልቅም። ዓመት ሳይሞላ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚለውን የሚያውቅ ይጠፋል፤ ጠብ ይነሳል፣ ጓደኛ ከጓደኛ ይቀያየማል።

ሕጉም አለ። የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲ ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። የቪዲዮ ክፍያ ነው ብላችሁ ብትጠሩትም ለፓርቲ ሥራ የገባ ገንዘብ እንደ ድጋፍ ሊታይባችሁ ይችላል። ዳያስፖራው ውስጥ ደግሞ ፓስፖርት የቀየረ ብዙ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው የአክስታችሁ ልጅ በወር አሥር ዶላር ሲልክ ሕጉ የሚያየው ዜግነቱን ነው። በፓርቲው ስም አካውንት ክፈቱ፣ የከፋዩን ስም መዝግቡ፣ የሚያጠራጥር ሲመጣ ምርጫ ቦርድን ጠይቁ። ሒሳቡንም በየሦስት ወሩ እዚያው ቻናል ላይ አንብቡት። እድር እንኳ ያነባል።

ለመውጣት ማስቸገር

አጭር ነው። በካርድ የሚከፈል ከሆነ በራሱ እንዳይታደስ አድርጉ፤ መታደስ ካለበትም ሰውየው ራሱ መርጦት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2020 የትራምፕ ዘመቻ የድጋፍ መስጫ ገጽ ላይ ክፍያው በየሳምንቱ ይደገም የምትለው ሳጥን ቀድማ ምልክት ተደርጎባት ነበር። ብዙ ደጋፊ ሳያውቀው ተደጋግሞ ተቆረጠበት፤ ዘመቻው በዚያ ምርጫ የመለሰው ገንዘብ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከወደዷችሁ ሰዎች ጋር እንዲህ አትለያዩ።

ስማችሁንና ቤታችሁን አለማስጠበቅ

ፔሊን ቻናሏን ስትከፍት ከስሟ ጋር የሚመሳሰለውን አድራሻ አልገዛችውም ነበር። ኮሜዲያኑ ስቴፈን ኮልቤር ገዛውና መቀለጃ ገጽ ከፈተበት። እኛ ጋ የሚመጣው ቀልድ አይደለም፤ በፎቷችሁና በስማችሁ ሌላ ቴሌግራም ተከፍቶ "ድጋፍ በዚህ ቁጥር ላኩ" ይባላል። ስለዚህ ስማችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ቀድማችሁ ያዙት። ትክክለኛውን የክፍያ ቁጥርም በየቪዲዮው መጨረሻ በአፋችሁ ተናገሩት፤ ጽሑፍ በቀላሉ ይቀየራል።

ሌላው የተከራያችሁት ቤት ላይ ብቻ መኖር ነው። ዩቲዩብ ከሜምበርሺፕ (ከቻናል አባልነት) ክፍያ 30 በመቶ ለራሱ ይወስዳል፤ ይሁን፣ ኪራይ ነው። ግን አከራይ ያስወጣል። ትራምፕ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2023 ዩቲዩብ ላይ ታግዶ ቆይቷል። ፕሬዚዳንት የነበረን ሰው ካስወጣ የወረዳ ተወዳዳሪን ለማስወጣት ብዙ አያስብም። የደጋፊዎቻችሁን ስልክ ቁጥር፣ ፈቅደው የሰጧችሁን ብቻ፣ በደብተርም ቢሆን ለብቻ ያዙ። ቻናሉ የተዘጋ ቀን በኤስኤምኤስ "እዚህ ነን" ትሏቸዋላችሁ።

ሰዓቱን በራስ ሰዓት መምረጥ

ላይቭ የሚገባው ፖለቲከኛ ብዙ ጊዜ ቢሮ በሚመቸው ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። ያን ጊዜ ገበሬው ማሳ ላይ ነው፣ ነጋዴው ሱቅ ላይ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ የቅዳሜም አይሁን፤ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ይተኛል። የተጠየቃችሁትን ጥያቄ ደግሞ የጠያቂውን ስምና አገር ጠርታችሁ መልሱ። "ከደጀን የጠየቅከኝ ወንድሜ" ስትሉት ያ ሰው ቪዲዮውን ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳያል።