እምቢ ያለች በቀቀን እጅ ላይ እንድትወጣና ገላዋን እንድትታጠብ እንዴት ማስለመድ ይቻላል

ቤቱ በቀቀን ያለው ሰው ሁሉ ሚያማርረው ሁለት ነገር ነው፣ እጅ ስዘረጋላት ትነክሰኛለች እና ውሃ ስታይ ታብዳለች። ሁለቱ የተለያየ ችግር ይመስላል ግን ስሩ አንድ ነው፣ ፍርሃት። በቀቀን ከላይ ጭልፊት ከታች ድመት እየጠበቃት የኖረች ወፍ ናት፣ ድንገት የመጣባትን ነገር መጀመሪያ ጠላት ብላ ነው ምትቀበለው፣ ስለዚ ጨብጦ ይዞ ውሃ ውስጥ መንከር ወይ በፎጣ ጠቅልሎ "ትልመድ" ማለት ፍርሃቷ ልክ እንደነበር ያሳያታል እንጂ አያለምዳትም። እኔ አጥብቄ ምለው አንድ ነገር ቢኖር እጃችሁ ክፉ ነገር ይዞ አይሂድባት ነው። ለዛ ነው ከውሃው በፊት እጅ፣ ከእጅም በፊት እህል ሚቀድመው።

መጀመሪያ የምትወደውን እህል ለዩ። ጎጃም ላይ በዚህ አንቸገርም፣ ዳጉሳ አለ ኑግ አለ የፈረንጅ ሱፍ አለ፣ ጨው ያልነካው ለውዝም ይሆናል፣ ሻጋታ ካለው ግን ጣሉት ጉበቷን ነው ሚጎዳው። ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ሳህን ላይ አድርጉና የቱን ቀድማ እንደምታነሳ እዩ፣ ከዛ በኋላ ያንን እህል ከምግብ ሳህኗ አስቀሩትና ከእጃችሁ ብቻ እንድታገኘው አድርጉ። አስርቧት ማለቴ አይደለም፣ የዘወትር ምግቧና ውሃዋ እንዳለ ይቀመጥ። አቮካዶ ግን በፍፁም! ባህር ዳር በየጁስ ቤቱ ስለሞላ ልጆች ቆርሰው ሊያጎርሷት ይችላሉ፣ ለወፍ መርዝ ነው፣ ልቧን ይጎዳል። ቡናና ቸኮላትም እንደዛው።

ከዛ ኬጁ አጠገብ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ስልካችሁንም እዩ ስራችሁንም ስሩ፣ ብቻ እሷ ላይ አታፍጡ። እየቆያችሁ በሽቦው መሃል አንድ ፍሬ አቀብሏት። ካልተቀበለች ትታችሁት ሂዱ፣ ነገም ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ገላዋን ማንበብ ተማሩ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ስራ በሙሉ እሱ ላይ ነው ሚቆመው። ላባዋን ከገላዋ ጋር አጣብቃ ቀጥ ካለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ከሳበች ወይ ምንቃሯን ከከፈተችባችሁ ፈርታለች፣ እጃችሁን ባለበት አቁሙ። ላባዋን ለቀቅ አድርጋ በአንድ እግር ከቆመች፣ ምንቃሯን እያፋጨች ከሆነ ወይ ላባዋን በሰላም እያበጠረች ከሆነ ተረጋግታለች። የአይኗ ብሌን ቶሎ ቶሎ ሚሰፋና ሚጠብ ከሆነ ደስታም ይሁን ንዴት ግላለች ማለት ነው፣ ያኔ እጅ አትስጧት።

ከሽቦው መሃል ደህና አድርጋ መብላት ስትጀምር በሩን ክፈቱና ከተዘረጋ መዳፍ ላይ አብሏት። እሱ ከሆነ በኋላ ወደ እንጨት፣ እጅ ለሚያስፈራት ወፍ እንጨት ትልቅ ድልድይ ነው። መድሃኒት ያልተረጨበት የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሆናል፣ ውፍረቱ ጣቷ ሙሉ በሙሉ ማይዞረው ይሁን። እንጨቱን ሆዷ ስር ከእግሯ ከፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አስጠጉት፣ በሌላኛው እጃችሁ እህሉን ከእንጨቱ ወዲህ አሳዩዋትና "ውጪ" በሏት። እህሉን ለመድረስ መጀመሪያ አንድ እግሯን ታደርጋለች፣ ለዛችው ለአንድ እግር ሸልሟት። ሁለቱንም እስክታደርግ አትጠብቁ፣ አትግፏትም። በየቀኑ ሁለት ሶስት ደቂቃ፣ ከምግብ ሰዓቷ ቀደም ብሎ በቂ ነው፣ ሰልችቷት ፊቷን ሳታዞር በፊት እናንተ አቁሙ።

እንጨቱን ስትለምድ በየጊዜው እያሳጠራችሁ ያዙት፣ እጃችሁ እየቀረበ እየቀረበ ይመጣና መጨረሻ ላይ እንጨቱ ቀርቶ ጣታችሁ ይተካል። ለትንሽ ወፍ አመልካች ጣት ይበቃል፣ ለትልቅ ግን ክንዳችሁን ስጧት። እዚህ ጋር ብዙ ሰው ሚበላሽበት ነገር አለ። በቀቀን ምንቃሯን እንደ ሶስተኛ እግር ነው ምትጠቀመው፣ ከመውጣቷ በፊት ጣታችሁን በምንቃሯ ያዝ ታደርገዋለች፣ ሊሸከመኝ ይችላል ወይ ብላ ነው እንጂ ንክሻ አይደለም። እናንተ ደንግጣችሁ እጃችሁን ከሳባችሁ እጅ ሚከዳ ቅርንጫፍ ነው ብላ ትይዛለች። እጃችሁ ፀጥ ብሎ ይቁም። በእውነት ከነከሰች ደሞ አትጩሁ አትምቷት፣ ቀስ ብላችሁ መቆሚያዋ ላይ አስቀምጧትና ለትንሽ ጊዜ ዞር በሉ።

አንድ ቃል ብቻ ተጠቀሙ፣ እቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉም ያንኑ ቃል ይጠቀም። የኛ ቤት መቼም እንግዳ አይጠፋበትም፣ ጎረቤት ይመጣል ከገጠር ዘመድ ይመጣል፣ ህፃናቱ ደሞ ከበው ጣት ሚነቁሩባት ከሆነ ያለመዳችሁት ሁሉ ይፈርሳል። ኸረ አንቺ ልጅ ተያት በሉ፣ ሰው ሲበዛ ስልጠና የለም። እና ደሞ እጃችሁ ላይ በወጣች ቁጥር ወስዳችሁ ኬጅ ውስጥ ምትቆልፉባት ከሆነ መውጣት ታቆማለች፣ ስለዚ ብዙውን ጊዜ ወጣ ብላ በልታ ተመልሳ እንድትወርድ አድርጉ፣ ስትወርድም ሸልሟት። እጃችሁ ላይ ሎሽን፣ ቫዝሊን ወይ ቅቤ ካለ ቀድማችሁ ታጠቡ፣ ቅባት ላባዋን ከነካው ሙቀት መያዝ ያቅተዋል።

አሁን ወደ ውሃው። በእጅ ተሸክማችሁ ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ እንዳታስቀምጧት፣ እስካሁን የደከማችሁበት እምነት በአንድ ቀን ነው ሚሄደው። ውሃው እሷ ባለችበት ይቀመጥ፣ እሷ ትሂድበት።

በጣም ለፈራች ወፍ እኔ ምመርጠው ቅጠል ነው። ጎመን ወይ ሰላጣ በደንብ አጥባችሁ ውሃው እየተንጠባጠበ ኬጁ ጣሪያ ላይ እሰሩላት። ዱር ያሉት በቀቀኖች በዝናብና በእርጥብ ቅጠል ነው ገላቸውን ሚታጠቡት። እኛው ጋር ባህር ዳር ዛፎች ላይ ምትታየው አረንጓዴዋ ትንሿ በቀቀን፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው፣ በአለም ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው ያለችው፣ እሷን ዛፏ ላይ እንዳለች እዩአት፣ ይዛችሁ አታምጡ፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በህግ የተከለከለ ነው። ቤት ያለችው የናንተዋ ቅጠሉን ልትበላ ትጠጋለች፣ ደረቷ ይረጥባል፣ ከዛ ራሷ ጎኗን ማሻሸት ትጀምራለች።

ሁለተኛው ጣባ ወይ ዝርግ ሳህን ነው። ከባድ ይሁን እንዳይገለበጥ፣ ውሃው ከሆዷ አይለፍ፣ ለብ ያለ ወይ ክፍሉ ውስጥ የቆየ ውሃ፣ እናንተ ምትጠጡት አይነት ንፁህ። ሳሙና ሻምፖ ምናምን አያስፈልግም፣ ከነጭራሹ አይነካትም። የምትወደውን ፍሬ ጠርዙ ላይ አስቀምጡና ሂዱ። አንዳንዷ ወፍ የውሃ ድምፅ ስትሰማ ነው መታጠብ ሚያምራት፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ሞክሩ።

ሶስተኛው ፀጉር ቤት ያለችው የውሃ መርጫ ናት። አዲስ ግዙ፣ ኬሚካል የነካው አይሆንም። መጀመሪያ ባዶውን አጠገቧ አስቀምጡት ትየው፣ ቀጥሎ ከሷ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ርጩ፣ ከዛ ወደ ላይ ረጭታችሁ ካፊያው ብቻ ይውረድባት፣ ፊቷ ላይ ቀጥታ አይደለም። ክንፏን ከዘረጋች፣ ጭራዋን በተን አድርጋ ላባዋን ካንቀጠቀጠች ወዳዋለች ቀጥሉ፣ ከሸሸች አቁሙ። ለጥፋት ቅጣት ብሎ ውሃ መርጨት ደሞ ፈፅሞ አይሆንም፣ ውሃን ለዘላለም ያስጠላታል።

ሰዓቱ ከረፋዱ 4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ይሁን፣ ፀሃይ ሳትጠልቅ መድረቅ አለባት። ባህር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በሳምንት ሁለት ሶስቴ ውሃ ብታቀርቡላት ደስ ይላታል፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ግን ብርድ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ ፀሃይ የወጣበትን ቀን ጠብቁ፣ ንፋስ ከሚገባበት በር አርቋት። ትድረቅ ብላችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጧት፣ የወፍ ሳንባ ጭስና የከሰል ጋዝ አይችልም፣ ዕጣንም ቡና ሲቆላ ያለው ጭስም ያው ነው፣ የጋለ የቴፍሎን መጥበሻ ሽታ ደሞ በደቂቃዎች ይገድላል። ፀጉር ማድረቂያም ይቅር። ራሷ ላባዋን እያበጠረች ትደርቃለች።

ላባዋን ነፍታ ቀኑን ሙሉ ምታንቀላፋ፣ ምግብ የተወች ወይ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ሚል ከሆነ ግን ውሃውንም ስልጠናውንም ትታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አድርጓትና የዛኑ ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋር ውሰዷት።