ጎጂ ቤሪ (goji berry) ስትገዙ ጫፉን እዩ

ደማቅ ቀይ ጎጂ ቤሪ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ቻይናውያን ጎውቺ የሚሉት ይህ ደረቅ ፍሬ፣ ከቅርንጫፉ በተቀነጠሰበት ጫፍ ነጣ ያለች ነጥብ አለችው። አንዷን ፍሬ አንስታችሁ እዩ፤ ነጥቧም ከቀላች ቀለም ተነክሯል ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ማቅለሚያ ቦታ አይመርጥምና። እፍኝ ጨብጣችሁ ስታሸቱት እንደ ተጫረ ክብሪት አፍንጫ ከቆነጠጠ ደግሞ በድኝ የታጠነ ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እርጥበት ይስባል፤ ይጣበቃል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ሳታጥቡ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ግጥም አድርጋችሁ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ለአንድ ኩባያ ከ10 እስከ 15 ፍሬ አለቅልቃችሁ፣ በሙቅ ውሃ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩ፤ ፍሬውም ይበላል።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ግን አትንኩት፤ የመድኃኒቱን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ይችላል።